ድሪቶው የማን ነው?

ከሁለቱ ተነጋጋሪዎች አንዷ ዋሽንግተን ዳር፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ በአንድ የምክር አገልግሎት መስጫ ውስጥ የምትሠራ የሥነ ልቦና አማካሪ ናት። ሌላዋ ያሳደጓት አክስቷ ናቸው፤ አዲስ አበባ ሳሉ ዕድሜያቸውን በልብስ ስፌት የገፉ። ልጅቷ የመጣችው ልመና ይዛ ነው፤ ለጥቁር ሴቶች በምታዘጋጀው የስፌት መርሐ ግብር ላይ እንዲያስተምሩላት። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

እትዬ፦ እስቲ ደግመሽ ንገሪኝ። ሴቶቹ የሚመጡት ስፌት ሊማሩ ነው ሊታከሙ?

ልጅቷ፦ ለሁለቱም። አብዛኞቹ እዚሁ ተወልደው ያደጉ ጥቁር አሜሪካውያን ናቸው። ከካሪቢያን የመጡም አሉ፤ የእኛም ሰዎች አይጠፉም። ልጅ የሞተባት አለች፣ ባሏ የታሰረባት አለች። ፊት ለፊቴ አስቀምጬ "እንዴት ነሽ?" ስላቸው "ደህና" ብለው ዝም ነው። እጃቸው ሥራ ሲይዝ ግን ምላሳቸው ይፈታል።

እትዬ፦ ይሄን ለማወቅ ነው ያን ሁሉ ዓመት የተማርሽው? እንዝርት የያዙ ሴቶች ሲያወጉ ሰምተሽ አታውቂም?

ልጅቷ፦ ይቀልዱብኝ፣ ግድ የለም። ይህን ፎቶ ይዩልኝማ።

እትዬ፦ መነጽሬን አቀብዪኝ። … ድሪቶ ነው።

ልጅቷ፦ እዚህ ኩዊልት ይሉታል። አሁን ናሽናል ጋለሪ የሚባለው ሙዚየም ነው ያለው።

እትዬ፦ የትም ይኑር፣ ድሪቶ ነው። ላዩ ቁርጥራጭ፣ መሀሉ ጥጥ፣ ሦስቱን ድርብ አንድ ላይ የወጋ ስፌት። ጨርቁም ከጣቃ የተቆረጠ አይደለም። ለብሰውታል፣ አጥበውታል፣ ፀሐይ በልቶታል። ሰማያዊው አንድ ዓይነት ሰማያዊ እንዳይደለ አታይም? ሴትየዋ የሥራ ልብስ ቀድዳ ነው የሰፋችው።

ልጅቷ፦ የባሏን። ሚዙሪ ፔትዌይ ትባላለች፤ አላባማ ውስጥ ጊዝ ቤንድ የሚባል መንደር የምትኖር ገበሬ ነበረች። ባሏ ሞተባትና በ1942 የሥራ ልብሶቹን ወስዳ ይህንን ሰፋች። ልጇ አርሎንዚያ ያኔ ኮረዳ ነበረች። ኋላ ራሷም ስመ ጥር ሰፊ ሆነች፤ የእናቷን ነገር ያወጋችውም እሷ ናት። እናቷ በአባቷ ልብስ ብርድ ልብስ ሠርታ፣ ለማስታወሻውና ለፍቅሩ ስትል ከሥሩ ልትተኛ እንደፈለገች ትናገር ነበር።

እትዬ፦ ልትተኛበት። ልስቀለው አላለችም።

ልጅቷ፦ አላለችም።

እትዬ፦ እኛም አገር እኮ የሟች ልብስ ለቅሶ ላይ ይወጣል፤ ኮቱ፣ ጋቢው፣ ከፎቶው ጋራ። አልቃሿ አንድ አንዱን እያነሳች ታወርድለታለች፤ ሰዉ ኮቱን ሲያይ ትከሻው ይታየዋል። ካለቀሱለት በኋላ ልብሱ ለነዳያን ይሰጣል። ይህቺ ሴት ለማን ትስጠው? ነዳይዋ ራሷ ሆና!

ልጅቷ፦ ቤታቸው ግንድ በግንድ ላይ የተደረደረ ነበር፤ በየስንጥቁ ነፋስ ስለሚገባ ግድግዳውን በጋዜጣ ይለጥፉታል። ክረምት ላይ ልጆች ላይ ሁለትም ሦስትም ድሪቶ ይደረብባቸዋል። መሀሉ የሚገባው ጥጥ እንኳ ከመዳመጫው ወለል ላይ የተጠራረገ ነው። ጥጡን ግን የለቀሙት እነሱ ናቸው።

እትዬ፦ ታዲያ እናንተ መሥሪያ ቤት ይህን ምን ትሉታላችሁ?

ልጅቷ፦ "ሐዘንን በፈጠራ ሥራ ማስተናገድ።"

እትዬ፦ እሷ ያስተናገደችው ብርዱን ነው። ልጆቿ እንዳይበርዳቸው ሰፋች፤ ሐዘኑም እዚያው ውስጥ ገባ። ቁጭ ብላ "አሁን ሐዘኔን ልግለጽ" ብላ ብትጀምር ኖሮ መርፌውን ትይዘው ነበር? እኔ አይመስለኝም። እናትሽ የሞተች ጊዜ እኔን ያቆመኝ ምን ነበር? የሰው ሠርግ ልብስ ነበረብኝ፤ ለቅዳሜ መድረስ ነበረበት።

ልጅቷ፦ እሱን ነግረውኝ አያውቁም።

እትዬ፦ ምኑ ይነገራል? ሰፋሁ፣ ደረሰ። ይልቅ ፔትዌይ ያልሽው የባሏ ስም ነው?

ልጅቷ፦ የባሏም፣ የጎረቤቷም። ቦታው የአላባማ ወንዝ ተጠማዝዞ በሦስት ወገን የከበበው ነው። ጆሴፍ ጊ የሚባል ሰው በ1816 እዚያ የጥጥ እርሻ አቋቋመ። በ1845 እርሻው ማርክ ፔትዌይ እጅ ገባ። እሱም ከሰሜን ካሮላይና መቶ ያህል ባሮቹን በእግራቸው አስጉዞ አመጣ፤ ስሙንም አወረሳቸው። ባርነት ሲቀር ስሙ አልቀረም። ዛሬ የሥጋ ዝምድና ሳይኖራቸው ፔትዌይ የሚባሉ ሞልተዋል።

እትዬ፦ አቤት! የገዛሽን ሰው ስም ለልጅ ልጅሽ ማውረስ። አያቴ እስከ ሰባት ቤት ትቆጥርልን ነበር፤ እነዚህ ሁለት ቤት ሳይሄዱ ባለ እርሻው ላይ ይደርሳሉ ማለት ነው።

ልጅቷ፦ እኔ እንግዲህ ድሪቶውን የማየው ከዚያ ጋራ አያይዤ ነው። ስሙ የሌላ ነው፣ መሬቱ የሌላ ነው፣ የለቀሙት ጥጥ የሌላ ነው። ጨርቁ ላይ ግን የት ላይ ቁረጪ፣ የትኛውን ከየትኛው አጋጥሚ የሚላት የለም። መንደሩ ውስጥ የሚታወቁ አሠራሮች አሉ፤ "የቤት ክዳን" የሚሉት ከመሀል አራት ማዕዘን ተነስቶ በዙሪያው ጥብጣብ እየጨመረ ይሰፋል። ያንንም ቢሆን እንዳለ የሚደግመው ሰው የለም። አንዷ ዘንበል ታደርገዋለች፣ አንዷ አንዱን ጎን ታሰፋዋለች። ከዚህ ሁሉ የወጣውን ደግሞ "የራሴ መንገድ" ይሉታል።

እትዬ፦ ቀዩ ሲያልቅ በቡኒ ትቀጥላለች፤ እሱን ማንም ሰፊ ያውቀዋል። ያዘዛት ጨርቁ ነው።

ልጅቷ፦ ቡኒውን ወደየት እንደምታዞረውስ? ነገሩ በድሪቶ ብርድ መከላከል ብቻ ቢሆን ኖሮ አራቱን ጎን እኩል ቆርጦ መግጠም አይቀልም? ይቺን ደግሞ ይዩ፤ የሌላ ሴት ሥራ ነው፣ በ1950 አካባቢ። የጂንስ ሱሪ እግሮች ጎን ለጎን።

እትዬ፦ እዚህ ጋ ኪስ ነበር።

ልጅቷ፦ እንዴት አወቁ?

እትዬ፦ ጠቆር ያለችው ቦታ። ኪሱን ስትፈታው ከሥሩ ያለው ፀሐይ ስላላየ እንደ አዲስ ቀርቷል። ዙሪያው ደብዝዟል። ጉልበቱ ደግሞ ነጣ ብሎ ሳስቷል፤ ተንበርክኮ ሠርቶበታል። … ይህቺ ሴት ብትፈልግ ጨርቁን ገልብጣ ምልክቱን መደበቅ ትችል ነበር። እኔ ብሆን እገለብጠዋለሁ፤ ደንበኛ ፊት አሮጌ ጨርቅ አይወጣም። እሷ ግን በግልጥ ትታዋለች።

ልጅቷ፦ እኔም ልል የፈለግሁት ይህንኑ ነው።

እትዬ፦ ልክ ነሽ እንግዲህ፣ አንድ አገባሽ። ግን አትቸኩዪ። ብርዱን በድሪቶ ከለከለች እንበል፣ ሐዘኗንም እንዲሁ። መንደሩን ያስራበውን ሰው በምን ትከልክለው?

ልጅቷ፦ የ1932ቱን ነው? እሱን ከየት ሰሙ?

እትዬ፦ አልሰማሁም፤ ግን ገበሬ ሁሉ አበዳሪ አለው።

ልጅቷ፦ ነበራቸው። ካምደን ከተማ የሚኖር ነጋዴ ዘሩንም ምግቡንም በዱቤ ያበድራቸው ነበር። የጥጥ ዋጋ ወደቀ፣ ሰውየው ሞተ፤ ሚስቱ በ1932 ዕዳው በሙሉ አሁን ይከፈል አለች። የላከቻቸው ሰዎች 60 ያህል ቤተሰብ ቤት ገብተው በቅሎውን፣ ላሟን፣ ማረሻውን፣ ዶሮውን፣ ለክረምት የተቀመጠውን በቆሎና ስኳር ድንች ሳይቀር ጭነው ሄዱ። ያን ክረምት ያተረፋቸው የቀይ መስቀል ዕርዳታ ነው።

እትዬ፦ ሚዙሪም ባሏን የቀበረችው ከዚያ ወዲህ ነዋ።

ልጅቷ፦ አሥር ዓመት ያህል ቆይቶ።

እትዬ፦ እና አንቺ መርፌና ክር ታድያቸው፣ ይህ ሁሉ ይድናል?

ልጅቷ፦ አልወጣኝም። እንዲያውም እነሱን ቀና ያደረጋቸው ሌላ ነገር ነው። በ1937 መንግሥት እርሻውን ገዛው፤ በ1940ዎቹ ለነዋሪዎቹ በረጅም ጊዜ ብድር ሸጠላቸው። አሜሪካ ደቡብ ውስጥ የራሱ መሬት ያለው ጥቁር ገበሬ ያኔ ስንት ነው? በ1965 ማርቲን ሉተር ኪንግ እዚያ ድረስ ሄዶ ሰበከላቸው፤ ለምርጫ ለመመዝገብ ወንዙን ሊሻገሩ ተነሱ። የሚያሻግራቸው ጀልባ ግን ከ1962 ጀምሮ ቆሞ ነበር። ካምደን ከወንዙ ማዶ ትታያለች፤ በመኪና ዞረው ለመድረስ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። ጀልባው የተመለሰው መቼ ይመስልዎታል?

እትዬ፦ ምርጫው ሲያልፍ።

ልጅቷ፦ በ2006።

እትዬ፦ ምን? ትናንትና እኮ ነው!

ልጅቷ፦ ያኔ ለምርጫ ስለተመዘገቡ ከሥራ የተባረረ ተባረረ፣ የነጭ ባለርስት ላይ ጥገኛ ሆነው የሚያርሱ የአካባቢው ሰዎች ከቤታቸው ወጡ። የጊዝ ቤንድ ሰው መሬቱ የራሱ ስለሆነ ቤቱን የሚነቅለው አልነበረም።

እትዬ፦ እንግዲያው ያዳናቸው መሬት ነው በይና ነገሩን ጨርሺው። ድሪቶ አይደለም።

ልጅቷ፦ ኧረ ቆዩ! በሚቀጥለው ዓመት በ1966 "የነፃነት ስፌት ማኅበር" ብለው ተደራጁ። ድሪቶው ኒው ዮርክ ሄዶ ይሸጥ ጀመር። ብዙዎቹ ሴቶች በእጃቸው ሥራ ገንዘብ ሲያገኙ የመጀመሪያቸው ነበር። ማኅበሩ መሬት ገዝቶ የስፌት ቤት ሠራ፤ ለተባረሩ ቤተሰቦችም መሬት ሸነሸነ። ቁስሉን ያመጣው ገንዘብና መሬት ነው ካሉኝ፣ መርፌዋም ገንዘብና መሬት አምጥታለች።

እትዬ፦ ይሄ ደስ አለኝ።

ልጅቷ፦ ሌላም ጣጣ ነበረው። በ1972 ከሲርስ ጋራ ተዋዋሉ፤ ያኔ ትልቅ የሱቅ ድርጅት ነበር። የኮርደሮይ ትራስ ልብስ እንዲሰፉ። ሁሉም አንድ መጠን፣ አንድ ስፌት። አንዱ ከሌላው ተለይቶ ከታየ ይመለሳል።

እትዬ፦ አውቀዋለሁ። የተማሪ ዩኒፎርም ስሰፋ አንድ ዓይነት ኪስ ከጠዋት እስከ ማታ እተክል ነበር። እጅሽ ይሠራል፣ ልብሽ ሌላ ቦታ ነው። ያ ቀን እንደዚያ ይመሽ ነበር፤ ልጅ ግን አሳድጎበታል።

ልጅቷ፦ እነሱ ደግሞ ትርፉን ኮርደሮይ ወደ ቤታቸው ይወስዱት ነበር። ወርቃማውን፣ አረንጓዴውን፣ ቀዩን። በዚያ ትርፍ የሰፉት ድሪቶ ዛሬ ከምርጦቹ ውስጥ ይቆጠራል። ቀን የታዘዙትን፣ ማታ የራሳቸውን።

እትዬ፦ ሁሉም ግን ወዶ ሰፍቷል እንዳትዪኝ። ስፌት የሚያስጠላቸው ሴቶች አሉ፤ ሌላ ምርጫ ስለሌላቸው የሚሰፉ።

ልጅቷ፦ ሎሬታ ፔትዌይ አለች። መስፋት እንደማትወድ በግልጽ የተናገረች። ኑሮዋ ከባድ ነበር፣ የሚረዳትም አልነበረም፤ የሰፋችው ልጆቿን ለማልበስ ነው። እሷ የሰፋችው ፖስታ ቴምብር ላይ ወጥቷል፤ በ2006 የአሜሪካ ፖስታ ቤት የአሥር ድሪቶዎች ቴምብር ሲያሳትም የሎሬታም ነበረበት። ሥዕል አዋቂዎቹ ከዘመኑ ታላላቅ ሠዓሊዎች ጋራ አስተካክለው ሲጽፉላት፣ እሷ ስለ ብርዱ ነበር የምታወራው።

እትዬ፦ በይ እሷን መርሐ ግብርሽ ላይ ትጋብዢ ነበር። "ስፌት ፈውስ ነው" ስትያት ፊቷን ባየሁት!

ልጅቷ፦ ይሳቁብኝ። የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ ሌላ ነገር ታመጣለች። በባርነት ዘመን ድሪቶ ላይ ምስጢራዊ ምልክት ነበረ፤ አጥር ላይ ሲሰጣ ወደ ሰሜን የሚያመልጡት መንገዱን ያነቡበት ነበር ትላለች። ሴቶቹ በጣም ይወዱታል።

እትዬ፦ እኔም ወደድኩት።

ልጅቷ፦ በ1999 የወጣ አንድ መጽሐፍ ነው ያስፋፋው። የታሪክ ሰዎች ግን ማስረጃ አጥተውለታል፤ አምልጠው ታሪካቸውን የጻፉት ሰዎችም አያነሱትም። ለሐዘንተኛ ውሸት አልነግርም። ደግሞስ ምን አስፈለገ? የሚዙሪ እውነት ያንሳል?

እትዬ፦ አያንስም። ተረቱን ግን አትቀሚያቸው፤ ተረት ነው ብለሽ ንገሪያቸው። አሁን የሚዙሪ ድሪቶ እዚያ ሙዚየም እንዴት ገባ የሚለውን ንገሪኝ። ማን ሸጠው?

ልጅቷ፦ በ1990ዎቹ መጨረሻ ዊልያም አርኔት የሚባል የአትላንታ ሰብሳቢ በየቤቱ እየዞረ የመንደሩን ድሪቶዎች ገዛ። በ2002 ሂዩስተን ሙዚየም ትርኢት ሆኑ፤ ከዚያ ኒው ዮርክ ሄዱ፣ ጋዜጣው ጉድ አለ። ሴቶቹ አውቶቡስ ተሳፍረው ሥራቸውን ግድግዳ ላይ ሊያዩ ሄዱ። ለአንዳንዶቹ ትልቅ ቀን ነበር፤ ያለቀሱም ነበሩ። በ2007 ደግሞ ከሰፊዎቹ የተወሰኑት ከሥራችን የሚገባንን አላገኘንም ብለው እሱንና ቤተሰቡን ከሰሱ። እነሱ አላጠፋንም ብለው ካዱ፤ በ2008 በስምምነት ተዘጋ።

እትዬ፦ እኔ ማን እውነት እንዳለው አልፈርድም። ፍርድ ቤት የሚያስኬድ ነገር ግን ከመጀመሪያው ሳይነጋገሩበት የቀሩት ነው። ሰፊዋ የምታውቀው የድሪቶ ዋጋ የብርድ ልብስ ዋጋ ነው፤ ገዢው የሚያውቀው ሌላ ዋጋ ነው። "ይሄ ብርድ ልብስ ለእኔ ሥዕል ነው" ብሎ ቀድሞ ቢነግራትስ?

ልጅቷ፦ ይህ ነገር እንዲያውም ከእነሱ በፊት ደርሷል። ሃሪየት ፓወርስ የምትባል በ1837 ጆርጂያ ውስጥ በባርነት የተወለደች ሴት ነበረች። ኋላ ነፃ ወጥታ፣ ከመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ በየክፍሉ ሥዕል የተለጠፈበት ድሪቶ ሠራች፤ አዳምና ሔዋን፣ የያዕቆብ መሰላል፣ ጥምቀቱ፣ ስቅለቱ።

እትዬ፦ እንደ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ።

ልጅቷ፦ ልክ እንደዚያ፣ በጨርቅ። በ1886 አቴንስ ከተማ የጥጥ ባዛር ላይ ታየ። ጄኒ ስሚዝ የምትባል የሥዕል መምህርት አይታው ልግዛው አለቻት፤ በምንም ዋጋ አልሸጥም አለች። ከዓመታት በኋላ ቸገራትና ራሷ ይዛው መጣች። አሥር ዶላር ጠራች። መምህርቷ ያለኝ አምስት ነው አለቻት። ሃሪየት ወጥታ ከባሏ ጋራ ተማከረችና በአምስት ዶላር ሰጠቻት። ከመሄዷ በፊት ግን እያንዳንዱ ሥዕል ምን እንደሆነ አንድ በአንድ አስረዳቻት፤ መምህርቷ ጻፈችው። ዛሬ ትርጉሙን የምናውቀው በዚያ ነው።

እትዬ፦ ልጇን ለሞግዚት የምታስረክብ እናት ትመስላለች። ምን እንደሚበላ፣ ምን እንደሚያስለቅሰው እየነገረች።

ልጅቷ፦ ከዚያ በኋላም እየተመላለሰች ትጎበኘው ነበር። ሰው ቤት ሄዳ፣ የራሷን ሥራ እንዲያሳዩዋት ጠይቃ። አሁን እዚሁ ዋሽንግተን፣ ስሚትሶኒያን አለ።

እትዬ፦ …

ልጅቷ፦ ምነው ዝም አሉ?

እትዬ፦ በር አንኳኩታ ስትገባ ታየችኝ። በዋናው በር ያስገቧት ይሆን በጓሮ? ሰፍታው ተጽናንታ ይሆናል፤ ሸጣው ደግሞ ሌላ ሐዘን ገዛች። አየሽ፣ እናንተ ሰዎች መስፋቷን ታያላችሁ፤ እኔ የማየው ከተሰፋ በኋላ የት እንደሚሄድ ነው። ሚዙሪን የረዳት አብሯት ስለቀረ ነው። ልጇ እያየች ሰፋችው፣ ልትተኛበት። የመንደሩ ሴቶች ሰብሰብ ብለው ነው የሚሰፉት ወይስ ብቻቸውን?

ልጅቷ፦ ላዩን እያንዳንዷ ለብቻዋ ትገጥማለች፤ ሦስቱን ድርብ አንድ ላይ የመውጋቱን ሥራ ተጠራርተው በጋራ ነው። እየዘመሩ፣ እየጸለዩ።

እትዬ፦ እንዲህ ከሆነ ያስኬዳል። የልቤን ለብቻዬ፣ የድካሙን ከጎረቤት ጋራ። ወረቀትሽን አምጪው።

ልጅቷ፦ የትኛውን?

እትዬ፦ ሴቶቹ የሚሞሉትን። ባለፈው አሳይተሽኛል፣ ስሜታችሁ ከ1 እስከ 10 ስንት ነው የሚለውን።

ልጅቷ፦ ገንዘቡን የሚሰጡን ሰዎች ይጠይቁናል፤ ለውጥ ማሳየት አለብኝ።

እትዬ፦ ይሙሉ፣ ግን እኔ በሌለሁበት። የክፍሉ ነገር ደግሞ እንዲህ ይሁን፦ ጨርቅ ከሱቅ አትግዥላቸው፤ ከቤታቸው ይዘው ይምጡ። የማን ልብስ እንደሆነ አልጠይቅም፣ አንቺም አትጠይቂ፤ የፈለገች ትንገር። ስፌት የጠላች ክር ታቀብል። የእኛዎቹንም ለብቻ እንዳታስቀምጪያቸው፤ እዚህ አገር ሠላሳ ዓመት ኖረው ጎረቤታቸውን ጥቁር አሜሪካዊት በስሟ የማያውቁ አሉ።

ልጅቷ፦ ይኸን እንኳ አስቤበታለሁ። ግን መጨረሻው ላይ ኤግዚቢሽን እናሳያለን ብለን ጽፈናል።

እትዬ፦ ለስንት ቀን?

ልጅቷ፦ ለአንድ ወር፣ አዳራሹ ውስጥ። ከዚያ መሥሪያ ቤቱ ሦስት አራቱን ግድግዳው ላይ ማስቀረት ይፈልጋል።

እትዬ፦ አይሆንም። ለአንድ ቅዳሜ ይታይ፤ ማታ ሁሉም ጠቅልላ ወደ ቤቷ ትውሰድ። ፎቶም የምትፈቅደው ብቻ ትነሳ።

ልጅቷ፦ እሺ፣ እታገላለሁ። አንዷ ልሽጠው ብትልስ? ቸግሯት?

እትዬ፦ የእሷ ነው፣ ትሽጠው። ዋጋውን ግን ራሷ ትጥራ፤ እኔ ጎኗ ቁጭ እላለሁ። አሥር ካለች አሥር ነው።